ምዕራፍ 7፦ ጥፋቱ ምንን ተከትሎ ይመጣል?

የፋብሪካው ኮምፒውተር ወጥቶ እንደ ልብ የሚስተካከል ሌላ ኮምፒውተር የተገጠመለት መኪና ሲያስቸግር፣ ብዙ ሰው ኮፈኑን ከመክፈቱ በፊት ላፕቶፑን ይከፍታል። የቤንዚን ሰንጠረዡ ስክሪኑ ላይ ይዘረጋል፣ ሞተሩ ያስቸገረበት ቦታ ተፈልጎ ቁጥሩ ይጨመራል ወይም ይቀነሳል። ለጊዜው ይሻሻላል። በማግስቱ ሌላ ቦታ ያስቸግራል፤ እዚያም ይነካል። ከወር በኋላ ሰንጠረዡ ጉድባና ጉብታ የበዛበት ይሆናል፤ መኪናው ግን ጠዋት ሌላ፣ ከሰዓት በኋላ ሌላ ጠባይ ያሳያል። ይህ ምዕራፍ ሰንጠረዡ ሳይነካ በፊት መጠየቅ ስላለበት አንድ ጥያቄ ነው።

ጥያቄው እንዲገባን ኮምፒውተሩ ቤንዚን የሚመድበው እንዴት እንደሆነ እንይ። ቦሽ እ.ኤ.አ. በ1967 በፎልክስዋገን 1600 ላይ ካዋለው ዲ-ጄትሮኒክ ጀምሮ እስከ ዛሬ የዘለቀ አንድ መንገድ አለ፤ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባውን አየር በቀጥታ ከመለካት ይልቅ በማኒፎልዱ ውስጥ ያለውን ግፊት ለክቶ መጠኑን ማስላት። ብሩስ ቦውሊንግና አል ግሪፖ እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጡት፣ ሰው በቤቱ በይዶ የሚገጣጥመው ሜጋስኩዊርትም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ዛሬ ገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ኮምፒውተሮችም ይህን ያውቁታል።

1600 ሲሲ፣ ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር እንውሰድ። እያንዳንዱ ሲሊንደር 400 ሲሲ ይይዛል። በባሕር ወለል ከፍታ፣ 20 ዲግሪ ሙቀት ላይ፣ 1 ሊትር አየር 1.2 ግራም ያህል ስለሚመዝን ሲሊንደሩ ጢም ብሎ ቢሞላ 0.48 ግራም አየር ይይዛል። ቤንዚን ተሟልቶ የሚቃጠለው ለ1 ግራም ቤንዚን 14.7 ግራም አየር ሲኖር ነው። ስለዚህ ለአንድ ጊዜ ሙሌት 33 ሚሊ ግራም ያህል ቤንዚን ይበቃል። ነገር ግን ሲሊንደር ጢም ብሎ የሚሞላው ከስንት አንዴ ነው። ቫልቩ የሚከፈትበት ጊዜ፣ የቱቦው ርዝመት፣ የሞተሩ ፍጥነት ሁሉ ይወስኑታል። ሰንጠረዡ የያዘው ይህንኑ ነው፤ በዚህ ፍጥነትና በዚህ ግፊት ሲሊንደሩ ከሚችለው በመቶ ስንቱን ይሞላል? የቀድሞው ሜጋስኩዊርት 8 በ8፣ ማለትም 64 ሕዋሶች ነበሩት፤ ሜጋስኩዊርት 3 ደግሞ 16 በ16፣ 256 ሕዋሶች አሉት።

የቀረውን ስሌት የሚሠሩት ሌሎች ናቸው። የአየሩን ሙቀት አንድ ሴንሰር ይናገራል፣ የውሃውን ሙቀት ሌላው፣ ግፊቱን ሦስተኛው። የባትሪው ቮልት ለኢንጀክተሩ የሚከፈለውን ተጨማሪ ጊዜ ይወስናል። የቤንዚኑ ግፊት ደግሞ ብዙ ጊዜ አይለካም፤ ኮምፒውተሩ የተነገረውን አምኖ ይሠራል። እነዚህ ሁሉ ተባዝተውና ተደምረው ነው ኢንጀክተሩ ለስንት ሚሊ ሰከንድ ክፍት እንደሚሆን የሚወሰነው።

እንግዲህ ሰንጠረዡ የሚያውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ፍጥነትና ግፊት። ሙቀት አያውቅም፣ ቮልት አያውቅም፣ ሰዓት አያውቅም፣ መኪናው የት ቦታ እንደቆመ አያውቅም። ጥፋቱ በ2800 ዙርና በ45 ኪሎ ፓስካል ላይ ሁልጊዜ ከመጣ፣ ቀዝቃዛም ሆነ ሙቅ፣ ቀንም ሆነ ማታ፣ ያኔ ሰንጠረዡን መጠርጠር ተገቢ ነው። በዚያው ሕዋስ ላይ አንዳንዴ እየመጣ አንዳንዴ የሚጠፋ ከሆነ ግን ሰንጠረዡ ነጻ ነው፤ ያው ቁጥር በሁለቱም ጊዜ እዚያው ነበርና። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «የቱ ቁጥር ይቀየር?» ሳይሆን «ጥፋቱ ምንን ተከትሎ ይመጣል?» የሚለው ነው። ሚዛኑ የተዛባበት ነጋዴ ሚዛኑን ትቶ የእህሉን ዋጋ ቢቀያይር ሒሳቡ አንድ ቀን ገጥሞ በሌላው ቀን እንደሚበላሽ ሁሉ፣ የሴንሰርን ስህተት በሰንጠረዥ ማረምም መጨረሻው ያው ነው።

ከሁሉ በላይ ሰው የሚያሳስተው የሙቀቱ ጉዳይ ነው። መኪናው ሲነዳ ቆይቶ ይጠፋል፣ ለ15 ደቂቃ ያህል ይቆማል፣ እንደገና ይነሣል። ሚኒሞ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ነዳጅ ሲረገጥ ይንገጫገጫል፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ ምንም እንዳልነበረ ይሆናል። ኮምፒውተሩ የመዘገበውን ሎግ ከፍቶ የአየር ሙቀት የሚለውን መስመር ማየት ነው። መኪናው በቆመ ጊዜ የሞተሩ ግለት ወደ ላይ ወጥቶ ማኒፎልዱ ላይ የተገጠመውን ሴንሰር አግሎታል። ሴንሰሩ 70 ዲግሪ ይላል፤ ከውጭ የሚገባው አየር ግን 35 ዲግሪ ነው። ኮምፒውተሩ አየሩ የሳሳ መስሎት ቤንዚን ይቀንሳል። የሚቀንሰውን ያህል ማስላት ይቻላል፦ ሙቀቱ በኬልቪን 343 ሲሆን መሆን የነበረበት 308 ነው፤ ልዩነቱ ከ10 በመቶ ይበልጣል። በዚያ ቅጽበት ሚኒሞ ላይ ያሉትን ሕዋሶች ከፍ ያደረገ ሰው በማግስቱ ጠዋት ቤንዚን የበዛበት ሞተር ይጠብቀዋል። መፍትሔው ሴንሰሩን ከጋለው ብረት አርቆ አየሩ ወደሚገባበት ቱቦ ማዛወር ነው፤ ካልተቻለም አብዛኛው ኮምፒውተር አየሩ በዝግታ በሚፈስበት ጊዜ የሙቀት እርማቱን የሚያለዝብ ሌላ ሰንጠረዥ አለው።

ቮልትም እንዲሁ ነው። ኢንጀክተር በኤሌክትሪክ የሚከፈት ትንሽ ቫልቭ ስለሆነ ትእዛዝ በደረሰው ቅጽበት አይከፈትም፤ በ14 ቮልት አካባቢ 1 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይዘገያል፣ ቮልቱ ሲወርድ መዘግየቱ ይረዝማል። ይህ ቁጥር በትክክል ካልተሞላ ምን እንደሚሆን በዚያው 1600 ሲሲ ሞተር እንየው። በደቂቃ 250 ሲሲ የሚያፈስ ኢንጀክተር ከተገጠመለት፣ ሚኒሞ ላይ የሚያስፈልገው ቤንዚን 1.8 ሚሊ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ፔዳሉ እስከ ታች ሲረገጥ ደግሞ አየሩ በሳሳበት አዲስ አበባ ላይ 7.7 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ይደርሳል። የ0.2 ሚሊ ሰከንድ ስህተት ቢኖር ከላይ ከ3 በመቶ በታች ነው፤ ማንም ልብ አይለውም። ሚኒሞ ላይ ግን 11 በመቶ ነው። ኢንጀክተር ለውጦ «ላዩ ግሩም ነው፣ ታቹ አልስተካከል አለኝ» የሚል ሰው በአብዛኛው ያለበት ችግር ይህ ነው።

መፈተኛው ቀላል ነው። ሞተሩ በደንብ ሞቆ ሚኒሞ ላይ ሳለ የፊት መብራት፣ የውስጥ ማራገቢያውና የራዲያተሩ ቬንትሌተር አንድ ላይ ይብሩ። ቮልቱ ከ14 ወደ 13 ወይም 12.5 ሲወርድ ላምዳው፣ ማለትም የአየርና የቤንዚኑ ጥምርታ ለትክክለኛው ጥምርታ ተካፍሎ የሚገኘው ቁጥር፣ ከ1.00 ተነሥቶ ወደ 1.08 ከሄደ፣ ቤንዚን ያነሰው መዘግየቱ ስላልተከፈለ ነው። መብራት ለምን ሞተር እንደሚያንቀጠቅጥ በቤንዚን ሰንጠረዡ ውስጥ መልስ አይገኝም።

እስካሁን ላምዳን እንደ እውነተኛ ምስክር ቆጥረነዋል። እሱም ግን መመርመር አለበት፤ በእኔ እምነት የዚህ ሙያ ትልቁ ወጥመድ ያለውም እዚህ ነው። ቦሽ የሠራው የላምዳ ሴንሰር እ.ኤ.አ. በ1976 በቮልቮ መኪኖች ላይ ሥራ ሲጀምር ተግባሩ ድብልቁ ከትክክለኛው ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ ብሎ መለየት ብቻ ነበር። ለማስተካከል ሥራ የምንጠቀምበት ዋይድባንድ ሴንሰር ደግሞ ከወዲያም ከወዲህም ምን ያህል እንደራቀ ይናገራል። ሁለቱም ግን ቤንዚን አይለኩም። የሚለኩት ጭሱ ውስጥ የቀረ ኦክስጅንን ነው።

የዚህ ትርጉም የሚገባው አንድ ካንዴላ ሲደክም ነው። ከ4ቱ ሲሊንደሮች አንዱ አልፎ አልፎ ሚስ ያደርጋል። ያልተቃጠለው ቤንዚንና ያልተቃጠለው አየር አብረው ወደ ጭስ ማውጫው ይወጣሉ። ሴንሰሩ ኦክስጅኑን ያያል፤ ላምዳ 1.25 ብሎ «ቤንዚን አንሷል» ይላል። ከኋላ የቆመ ሰው ግን ዓይኑን የሚያቃጥል የቤንዚን ሽታ ይሸተዋል፤ ካንዴላው ሲፈታ ጥቁር፣ እርጥብ ነው። ሴንሰሩን አምኖ ቤንዚን የጨመረ ሰው ካንዴላውን ይበልጥ ያረጥበዋል፣ ሞተሩ ይበልጥ ሚስ ያደርጋል፣ ላምዳው ይበልጥ ይወጣል። ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲያርም ከተፈቀደለት ደግሞ ይህንኑ ያለ ሰው እርዳታ እየደጋገመ ይሠራዋል። ቤንዚን በ5 በመቶ ጨምሮ ማየት ጥሩ ፈተና ነው። ላምዳው በዚያው ልክ ካልወረደ፣ ይባስም ከወጣ፣ ሴንሰሩ እየነገረን ያለው ስለ ቤንዚን አይደለም። የጭስ ማውጫው ከሴንሰሩ በፊት ቀዳዳ ካለውም ውጤቱ ተመሳሳይ ነው፤ በተለይ ሚኒሞ ላይ፣ የውጭ አየር በጭሱ ንዝረት እየተሳበ ስለሚገባ።

ሌላው የላምዳ ስህተት ከሽቦ የሚመጣ ነው። የዋይድባንዱ መቆጣጠሪያ ያነበበውን በቮልት ለኮምፒውተሩ ይልካል። በአንዳንዶቹ 0 ቮልት 10፣ 5 ቮልት ደግሞ 20 የአየርና የቤንዚን ጥምርታ ማለት ነው። የመቆጣጠሪያውና የኮምፒውተሩ ግራውንድ የተለያየ ቦታ ላይ ከታሰሩ በመካከላቸው ሩብ ቮልት ልዩነት መፈጠሩ ብርቅ አይደለም፤ ሩብ ቮልት ደግሞ የግማሽ ነጥብ ስህተት ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ጌጅ 14.7 ሲል ላፕቶፑ 14.2 ይላል። ባለሙያው ያየው ላፕቶፑን ከሆነ ቤንዚን ይቀንሳል፣ ሞተሩም በእውነት ቤንዚን ያንሰዋል። ስለዚህ ሥራ ሲጀመር ጌጁና ላፕቶፑ አንድ ቁጥር መናገራቸውን ማረጋገጥ የግድ ነው። ካልተስማሙ ሽቦው ተስተካክሎ ሁለቱ በአንድ ግራውንድ ይታሰራሉ።

ፍጥነትንና ግፊትን ተከትሎ እየመጣም ከሰንጠረዡ ያልሆነ ጥፋት አለ፤ የቤንዚን ግፊት መውደቅ። ሞተሩ ከታች ደህና ነው፣ ከ5000 ዙር በላይ ፔዳሉ ሙሉ ሲረገጥ ግን ላምዳው እየወጣ ይሄዳል። የተደፈነ የቤንዚን ፊልትሮ ወይም የደከመ ፓምፕ ግፊቱን ከ3 ባር ወደ 2.4 ባር ቢያወርደው፣ ኢንጀክተሩ የሚያፈሰው ቤንዚን ከ10 በመቶ በላይ ይቀንሳል። በሰንጠረዡ ላይ ከላይ ያሉትን ሕዋሶች በዚያው ልክ ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ይሠራልም። ፓምፑ በሚቀጥለው ወር ይበልጥ ሲደክም ግን ሞተሩ በከባዱ በሚሠራበት ሰዓት ቤንዚን ያጣል፣ ፒስተንና የጭስ ቫልቭ የሚቀልጡትም ያኔ ነው። ለዚህ ላፕቶፕ አይጠቅምም። የግፊት መለኪያ በቤንዚን መስመሩ ላይ ተገጥሞ፣ ሞተሩ በጭነት ላይ ሳለ መታየት አለበት። ቆሞ የተለካ ግፊት ስለ ዳገት አይናገርም።

ቤንዚኑ ራሱም ይለያያል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2008 አዲስ አበባ ላይ 5 በመቶ ኢታኖል መቀላቀል ጀምራ ኋላ ወደ 10 በመቶ አሳድጋ ነበር። ኢታኖል ለ1 ግራም 9 ግራም አየር ብቻ ስለሚበቃው፣ 10 በመቶ የተቀላቀለበት ቤንዚን ትክክለኛ ጥምርታ 14.7 መሆኑ ቀርቶ 14.1 ያህል ይሆናል። በንጹሕ ቤንዚን የተስተካከለ ሞተር በድብልቁ 4 በመቶ ያህል ቤንዚን ያንሰዋል። ጥፋቱ ጋኑ ከተሞላ በኋላ ከጀመረና ሌላ ቤንዚን ሲሞላ ከቀረ፣ ምንጩ ቤንዚኑ ነው።

ይህ ሁሉ ተጣርቶ ጥፋቱ አሁንም በዚያው ፍጥነትና ግፊት ላይ ቢገኝ ሰንጠረዡ ይስተካከል፤ የቀረው ሥራ አጭር ነው። ኮምፒውተሩ በላምዳ ራሱን የሚያርምበት ዘዴ ይጥፋ፣ አለበለዚያ የሰንጠረዡን ስህተት ይሸፍነዋል። ውሃው 80 ዲግሪ ይለፍ። ፔዳሉ ሳይነቃነቅ የተመዘገበው መስመር ብቻ ይወሰድ፤ ድንገት በተረገጠበት ቅጽበት የሚታየው የቤንዚን ማነስ የሌላ ቅንብር ጉዳይ ነውና። ከዚያ በሕዋሱ ያለው ቁጥር በተለካው ላምዳ ተባዝቶ ለተፈለገው ላምዳ ይካፈላል፦ ቁጥሩ 62፣ የተለካው 1.08፣ የተፈለገው 1.00 ከሆነ አዲሱ ቁጥር 67 ነው። ጎረቤቶቹን ሕዋሶች ማየት ግን አይረሳ። ሞተር የሚተነፍሰው እየጨመረና እየቀነሰ እንጂ እየዘለለ አይደለም። የካም ቅንብሩ በአንድ ፍጥነት ላይ የሚቀየር ሞተር ካልሆነ በቀር፣ በ58 እና በ60 መካከል የተሰካ 71 ሌላ ጥፋት ሸሽጓል።

የከፍታን ነገር ለመጨረሻ ያቆየሁት ለእኛ አገር ከሁሉ የሚከብደው እሱ ስለሆነ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት 76 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው፤ ባሕር ዳርቻ ላይ 101 ነው። ከዱባይ የመጣ የተስተካከለ መኪና ቤንዚኑን በማኒፎልድ ግፊት የሚመድብ ከሆነ ልዩነቱን ራሱ ስለሚለካው ብዙ አይቸገርም። በአየር በሩ መከፈት መጠን ብቻ የሚመድብ ከሆነ ግን አየሩ ሩብ ያህል መቀነሱን ስለማያውቅ ጥቁር ጭስ ያወጣል። ለዚህ በከባቢው ግፊት ልክ የሚያርም ቅንብር አለ፤ ነገር ግን ብዙ ኮምፒውተሮች ይህን ግፊት የሚያነቡት ቁልፉ በተከፈተበት ቅጽበት ብቻ ነው። አዋሽ ላይ በ90 ኪሎ ፓስካል የተነሣ መኪና ሳይጠፋ አዲስ አበባ ቢገባ አሁንም አዋሽ ያለ ይመስለዋል፤ 18 በመቶ ትርፍ ቤንዚን ይሰጣል። አጥፍተው ሲያስነሡት ይድናል። ባለቤቱ «ከረጅም መንገድ በኋላ ይታፈናል፣ ሲያርፍ ይሻለዋል» ብሎ የሚያመጣው መኪና ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ነው።

ከዚህ ይበልጥ የሚያሰጋው ግን በተቃራኒው ያለው ጉዞ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ማኒፎልዱ ውስጥ ከከባቢው አየር የበለጠ ግፊት ሊያገኝ አይችልም። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ የተስተካከለ መኪና፣ የቱንም ያህል ቢደከምበት፣ የሰንጠረዡን የ90 እና የ100 ኪሎ ፓስካል ረድፎች አንድም ጊዜ አልነካቸውም። እዚያ የተጻፈው ከመነሻው ፋይል የተቀዳ ወይም በግምት የተሞላ ቁጥር ነው። መኪናው ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ሲወርድ ከ1000 ሜትር ብዙም ወዳልራቀ ከፍታ ይደርሳል፤ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ደጀን ሲወጣ ፔዳሉ ሙሉ ይረገጣል። አየሩ ሞቃት ነው፣ ከተማ ውስጥ ካለው የጠነከረ ነው፣ ዳገቱ ረጅም ነው፣ ኮምፒውተሩም ማንም ባልፈተሸው ረድፍ ላይ ይሠራል። ለሳሳ አየር ተብሎ የቀደመው የእሳት ሰዓትም እዚያ ያደርሰዋል፤ ሞተሩ ማንኳኳት የሚጀምረው እንዲህ ነው።

ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ሥራውን የጨረሰ ባለሙያ ከ80 በላይ ያሉትን ረድፎች ከታች ያለውን አቀበት ተከትሎ ሊሞላቸው፣ የሚፈለገውን ላምዳ 0.85 አድርጎ ከእሳቱም ጥቂት ዲግሪ ሊቀንስ ይገባዋል። ከዚያ መኪናው በእውነት ወደ ቆላ ወርዶ ይፈተሽ። አንድ ሰው ይንዳ፣ ሌላው ላፕቶፑን ይዞ ከጎን ይቀመጥ። በዳገቱ ላይ ላምዳው ከ0.9 ካለፈ ወይም የማንኳኳት ድምፅ ከተሰማ ነጂው ወዲያው እግሩን ከፔዳሉ ላይ ያንሣ፤ ቁጥሩ የሚስተካከለው መኪናው ጥግ ይዞ ከቆመ በኋላ ነው።